«ውኃው ለምን ሻማው ከጠፋ በኋላ ወጣ?»

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

ጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የ5ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መምህርት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ አየር ግፊት ሳስተምር ሳህን ላይ ሻማ አቁሜ፣ ውኃ ጨምሬ፣ ሻማው ሲነድ ብርጭቆ ደፋሁበት። ሻማው ጠፋ፤ ውኃውም ወደ ብርጭቆው ውስጥ ወጣ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደተነገረኝ «ሻማው ኦክስጅኑን አቃጥሎ ስለጨረሰው ውኃው የኦክስጅኑን ቦታ ያዘ» አልኳቸው። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ታዲያ ውኃው ለምን ሻማው ከጠፋ በኋላ ወጣ? እየነደደ እያለ ለምን አልወጣም?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝምና «ከፍ ስትል ትማረዋለህ» ብዬ አስቀመጥኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ እጁን አላወጣም። ተማሪዎቼ 62 ናቸው፤ ቤተ ሙከራ የለንም። የማይታየውን ነገር እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? ተመልሼ «ተሳስቼ ነበር» ብላቸውስ ክብሬን አላጣም ወይ?

መምህርት ነኝ፣ ከጎንደር

ውድ መምህርት፤

ከትምህርቱ በፊት ስለ ልጁ ልናገር። ልጁ ትክክል ነው። ጥያቄውም ለማስቸገር የቀረበ አይደለም፤ በጥንቃቄ ካየ ሰው ብቻ የሚመጣ ጥያቄ ነው። የኦክስጅኑ ማለቅ ውኃውን የሚያስወጣ ቢሆን ኖሮ ውኃው ሻማው በነደደ ቁጥር ቀስ በቀስ ከፍ ሊል፣ ሻማው ሲጠፋም ሊቆም ይገባው ነበር። የሚሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ሻማው እየነደደ ሳለ ውኃው እምብዛም አይነቃነቅም፣ እንዲያውም በብርጭቆው ከንፈር ሥር አረፋ ቡልቅ እያለ ሲወጣ ይታያል፣ ከዚያ ነበልባሉ ይጠፋል፣ ውኃው በፍጥነት የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ልጁ አይቷል። እኔ ግን ይኸንኑ ሙከራ ለብዙ ዓመታት በተማሪዎች ፊት ስሠራ ዓይኔ ሻማው ላይ እንጂ ውኃው ላይ ስላልነበረ አላየሁትም።

እኔን ከስሕተቴ ያወጣችኝ የሻይ ቤት አሳላፊ ናት። ፒያሳ አካባቢ ተቀምጬ ሳለሁ ልጅቷ የሻይ ብርጭቆዎችን በፍል ውኃ እያለቀለቀች ውኃ በቋጠረ ትሪ ላይ በአፋቸው ትደፋ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የትሪው ውኃ ወደ እያንዳንዱ ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ ከውጭው ከፍ ብሎ ቆመ፤ አንዱን ልታነሣ ብትሞክር ትሪው ላይ ተጣብቆ አስቸገራት። በዚያ ትሪ ላይ ሻማ አልነበረም። ኦክስጅን ያቃጠለ ማንም አልነበረም። የነበረው ትኩስ ብርጭቆ፣ በውስጡም እየቀዘቀዘ የሄደ አየርና እንፋሎት ብቻ ነው። የሻዬን ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ ለስንት ተማሪ ስሕተት እንዳስተማርኩ እያሰላሁ ነበር።

ስለዚህ ለልጁ የሚሰጡት መልስ ይህ ነው። ነበልባሉ በብርጭቆው ውስጥ ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀ አየር ይስፋፋል፤ ከፊሉም ብርጭቆው ሲደፋ፣ ከፊሉም በከንፈሩ ሥር በአረፋ መልክ ይወጣል። ሻማው ሲጠፋ የቀረው አየር ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱም ወደ ጠብታ ይለወጣል፣ ስለዚህ የውስጡ ግፊት ይቀንሳል። የውጪው አየር ግን እንደ ወትሮው የሳህኑን ውኃ ወደ ታች እየተጫነው ነው፤ ውስጥ የሚመልሰው ኃይል ሲደክም ውኃውን ወደ ብርጭቆው ገፍቶ ያስገባዋል። የኦክስጅኑ ድርሻ ጥቂት ነው። ኦክስጅን ከአየር 21 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ሻማ ደግሞ ሁሉም እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ይጠፋል፣ በተቃጠለውም ፈንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካል። ለተማሪዎችዎ ግን መቶኛውን መንገር አያስፈልግም። በአንድ ሻማ ከሠሩ በኋላ በዚያው ብርጭቆ፣ በዚያው መጠን ውኃ፣ ሦስት አጫጭር የሻማ ወይም የጧፍ ቁራጮች አቁመው ይድገሙት። ብርጭቆው ያው፣ ኦክስጅኑም ያው ሆኖ ሳለ ውኃው ከፊተኛው ይልቅ ከፍ ብሎ ይወጣል። ቢቻል በውኃው ላይ ጥቂት ከርከዴ ጨምሩበት፤ ቀይ ውኃ ከኋላ ወንበርም ይታያል።

አሁን ወደ ክብርዎ ጉዳይ ልምጣ። ተመልሰው ይንገሯቸው። ነገር ግን በይቅርታ ንግግር አይጀምሩት፤ ልጆች ረዥም ኑዛዜ ያስጨንቃቸዋል። ሳህኑንና ሻማውን ይዘው ይግቡና «ባለፈው ሳምንት ጓደኛችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ መልሱን አላውቅም ነበር፣ የነገርኳችሁም ማብራሪያ ጥያቄውን አይመልስም፤ ዛሬ አብረን እናየዋለን» ይበሉ። ስሙን ጠርተው ወደ ፊት ያውጡት፣ ጥያቄውንም በራሱ አፍ ይድገመው። የሳቀው ክፍል በዚያች ደቂቃ ዝም ይላል። በእኛ አገር መምህር ሁሉን አዋቂ መሆን እንዳለበት ተደርጎ ስለሚቆጠር ይህ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ፤ ሆኖም ልጆቹ ያስታወሱት የእርስዎን አለማወቅ አይመስለኝም፣ ያስታወሱት ጠያቂው መሳቂያ መሆኑን ነው። ሊስተካከል የሚገባውም ይኸው ነው።

የትምህርቱ ዋና ችግር ግን ሻማው ላይ ሳይሆን በአፋችን ባለች አንዲት ቃል ላይ ያለ ይመስለኛል፤ «መሳብ» በምትለው። ውኃ በጎማ ከበርሜል «ስበን» እናወጣለን፣ ለስላሳ በስትሮ «ስበን» እንጠጣለን፣ ባዶ ቦታ ነገርን «ይስባል» እንላለን። ባዶ ቦታ እጅ የለውም፤ ምንም ነገር መሳብ አይችልም። የሚሠራው ሁልጊዜ በሌላ በኩል ሆኖ የሚገፋው አየር ነው። አስተማሪው ይህችን ቃል ካልተጠነቀቀ ልጁ ሙከራውን ሁሉ አይቶ ሲያበቃ ወደ ቀድሞው አሳቡ ይመለሳል።

ይህን ለማፍረስ ከማውቀው ሁሉ የሚበልጠው ሙከራ የሚከተለው ነው። የመስታወት የለስላሳ ጠርሙስ እስከ አፉ ድረስ ውኃ ይሙሉ፣ አዲስ ስትሮ ያስገቡ፣ በስትሮውና በጠርሙሱ አፍ መካከል ያለውን ክፍተት በሊጥ ወይም በለሰለሰ ሰም ጥርቅም አድርገው ይድፈኑ። ከዚያ በክፍሉ ውስጥ ጉልበተኛ ነኝ የሚለውን ልጅ ጠርተው «ጠጣ» ይበሉት። ጉንጩ ይጎደጉዳል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ውኃው ግን አንድ ጉንጭ እንኳ አይሞላለትም። አሁን ሊጡን በጥፍርዎ ጫፍ ትንሽ ይሰንጥቁት፤ ውኃው ወዲያው ይወጣል። ልጁ ኃይል አልጨመረም፤ የተጨመረው አየር የሚገባባት ቀዳዳ ብቻ ናት። በስትሮ ስንጠጣ የምናደርገው በአፋችን ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ሲሆን፣ ውኃውን ሽቅብ የሚገፋው የጠርሙሱን ውኃ ከላይ የተጫነው አየር ነው። ጠርሙሱ ግን የፕላስቲክ አይሁን፤ ጎኑ እየተጨመደደ ውኃውን ስለሚለቅ ሙከራው ይበላሻል። በነገራችን ላይ ስትሮው ሽቅብ ከ8 ሜትር ቢረዝም ጎንደር ላይ ማንም ጉልበተኛ ከታች ውኃ ሊጠጣበት አይችልም፣ የአየሩ ግፊት ከዚያ በላይ ውኃ አያነሣምና፤ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ቢሆን 10 ሜትር ያህል ይደርስ ነበር።

ከልጆቹ አንዱ «አያቴ ጋ ዋግምት አይቻለሁ፤ ቀንዱ ሥጋን ይስባል» ማለቱ አይቀርም። መልካም ምሳሌ ነውና አይለፉት። ባለሙያው የቀንዱን አፍ ቆዳ ላይ ደፍቶ አየሩን በጫፉ ባለች ቀዳዳ መጥጦ ሲደፍናት፣ በቀንዱ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ቆዳውን ወደ ቀንዱ የሚያሳብጠው ከውስጥ የሚገፋው የሰውነታችን ግፊት ነው። በክፍል ውስጥ ግን አይሞከር።

አየር ክብደት እንዳለው ለማስረዳት ሁለት ፊኛ በእንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥሎ አንዱን ማፈንዳት የተለመደ ነው። እኔ ባይሠሩት እመርጣለሁ፤ ልዩነቱ ከግራም በታች ስለሆነ ትንሽ ነፋስ ያጠፋዋል፣ መምህሩም በመጨረሻ እንጨቱን በጣቱ ረድቶ ያዘነብለዋል። ይልቁንስ ልጆቹ ክፍላቸውን በሜትር ይለኩ። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 6፣ ከፍታው 3 ሜትር ቢሆን 144 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በጎንደር ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ስለሆነ፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ከ130 ኪሎ በላይ ይመዝናል ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያ ከወላጆቹ ጋር ሄዶ ኩንታል ጤፍ ሲጫን ያየ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ቀጥሎ መዳፋቸውን ዘርግተው ይያዙ። በጎንደር አየሩ በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ካሬ ላይ የሚጫነው 0.8 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ያህል ነው፤ 60 ሴንቲሜትር ካሬ በሆነች የልጅ መዳፍ ላይ ግማሽ ኩንታል ገደማ ይሆናል። «ታዲያ እጄ ለምን አይወድቅም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፣ እርስዎም የሚፈልጉት ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ መልሱ አየሩ ከመዳፉ ሥርም በዚያው ልክ ወደ ላይ ስለሚገፋ ነው የሚል ነው። አየር የሚገፋው ወደ ታች ብቻ አይደለም፤ ወደ ጎንም ወደ ላይም ይገፋል። ይህን ነጥብ ያልያዘ ተማሪ የቀረውን ሁሉ ይስታል።

ለ62 ተማሪ የሚበቃ ዕቃ የት ይገኛል ላሉት፣ ባዶ ሃይላንድ የማይገኝበት የጎንደር ሰፈር የለም። ስድስት ስድስት ሆነው ይቀመጡ፤ ለየቡድኑ አንድ ሃይላንድ ይድረስ። እርስዎ ቀደም ብለው በየጠርሙሱ ጎን፣ ከግርጌው ከፍ ብሎ፣ በወፍራም መርፌ አንዳንድ ቀዳዳ ያብጁለት። ቀዳዳዋን በጣት ይዘው ውኃ ይሙሉና ክዳኑን ጥብቅ አድርገው ይዝጉ። ጣታቸውን ሲያነሡ ውኃው አይፈስም። ክዳኑን ሲያላሉ ይፈሳል፣ መልሰው ሲያጠብቁ ይቆማል። ጠርሙሱን እንዳይጨምቁት ብቻ ይጠንቀቁ። ልጆች ይህን አሥር ጊዜም ቢደጋግሙት አይሰለቹም፤ ይደጋግሙት፣ ጊዜው አይባክንም። እግረ መንገድዎን የዘይት ቆርቆሮ ስንከፍት ለምን ሁለት ቀዳዳ እንደምንበሳ፣ ሙሉ ጀሪካን ሲዘቀዘቅ ውኃው ለምን እየተቆራረጠ «ቡልቅ ቡልቅ» እንደሚል ይጠይቋቸው። ውኃ የሚቀዱት እነሱ ስለሆኑ ከእርስዎ የተሻለ ያስረዱዎታል።

በደብተር ሽፋን ብርጭቆ ከድኖ መገልበጥም ደስ ይላል፤ ነገር ግን ብልህ ልጅ «ወረቀቱን ያጣበቀው እርጥበቱ ነው» ይላል። እውነትም አለው፣ እርጥበቱ ዙሪያውን በመድፈን ይረዳል። ስለዚህ በብርጭቆ ፈንታ ግርጌው በምስማር የተበሳ የፕላስቲክ ኩባያ ይጠቀሙ። ቀዳዳውን በጣትዎ ይዝጉ፣ ውኃ ይሙሉ፣ ወረቀቱን ከድነው ይገልብጡ፤ ወረቀቱ ይይዛል። አሁን ጣትዎን ያንሡ። ወረቀቱም ውኃውም ዱብ ይላሉ። እርጥበቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከላይ አየር መግባቱ ነው።

ለፍጻሜው እርስዎ ራስዎ የሚሠሩት አንድ ይቀራል፤ ልጆች ፍል ውኃ እንዳይነኩ። ትኩስ ውኃ በሃይላንድ ውስጥ ጥቂት ጨምረው ነቅንቀው ይድፉት፣ ወዲያው ክዳኑን ጥርቅም አድርገው ይዝጉና ጠረጴዛ ላይ አቁመው ዝም ይበሉ። ጠርሙሱ እየተንኳኳ፣ «ቋ ቋ» እያለ፣ ማንም ሳይነካው ይጨመደዳል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ቢያፈሱበት ደግሞ ይፈጥናል። ያን ጊዜ «ማን ጨመቀው?» ብለው ይጠይቁ፣ የሻማውንም ሙከራ ከዚህ በኋላ ይድገሙት። ልጁ ለራሱ ጥያቄ ራሱ መልስ ሊሰጥበት የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

ታሪክ የሚወዱ ተማሪዎች ካሉ ጣልያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቼሊ የሜርኩሪውን ቧንቧ (ሜርኩሪ ተሞልቶ ሜርኩሪ ባለበት ሳህን ላይ የተደፋ፣ የአየር ግፊት የሚለካበት የመስታወት ቧንቧ) ያቆመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1643 መሆኑን፣ በዚያን ጊዜም ጎንደር ላይ ነግሠው የነበሩት አጼ ፋሲል መሆናቸውን ይንገሯቸው። ልጆቹ በየቀኑ የሚያልፉበት ግንብ ዘመኑን ቅርብ ያደርግላቸዋል። ቶሪቼሊ ሰው በአየር ባሕር ወለል ላይ ሰጥሞ የሚኖር ፍጡር ነው የሚል አሳብ ለወዳጁ ጽፎ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1648 የፈረንሳዊው ሳይንቲስት የፓስካል እኅት ባል ያንኑ ቧንቧ ይዞ ፈረንሳይ አገር አንድ ተራራ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሜርኩሪው 8 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ግፊቱም ይቀንሳል። ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ ግን በክፍልዎ ውስጥ አይግባ።

ጎንደር ላይ ለሚያስተምር ሰው የዚህ ትምህርት ትልቁ ሀብት ያለው እዚህ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ነው። መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላል፤ በአልኮል የሚሠራ ቴርሞሜትር ተውሰው በሚፈላ ውኃ ውስጥ ቢያስገቡት ግን 93 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ይቆማል። የትኩሳት መለኪያውን እንዳይጠቀሙ፤ ይሰበራል። ብዙ መምህር በዚህ ጊዜ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ያልፋል። አልተበላሸም። ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ አረፋ የአየሩን ግፊት አሸንፎ መውጣት ሲችል ነው፤ ጎንደር ላይ ግፊቱ አነስ ስለሚል ውኃው ቀድሞ ይፈላል። ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ደጀን ጫፍ 85 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ቆላ መተማ ላይ ደግሞ ከጎንደሩ በላይ መሞቅ አለበት። ዝቅ ባለ ሙቀት በሚፈላ ውኃ ውስጥ እህል ቶሎ አይበስልም፤ ባቄላ ደጋው ደባርቅ ላይ ከመተማ ይልቅ ብዙ ማገዶ የሚፈጀው ለዚህ ነው። ይህን የቤት ሥራ አድርገው እናቶቻቸውን እንዲጠይቁ ቢልኳቸው መልካም ነው፤ ከቆላ ወደ ደጋ ተድራ የመጣች እናት ልዩነቱን ከምድጃዋ ታውቀዋለች።

በሊማሊሞ ቁልቁል በአውቶቡስ የወረደ ልጅም ጆሮው ድፍን ብሎበት፣ ምራቅ ሲውጥ «ጧ» ብሎ ተከፍቶለት ያውቃል። ከተማሪዎችዎ መካከል ለበዓል ወደ መተማ የሚወርድ ካለ፣ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ያስይዙት። አንደኛውን እዚሁ ጎንደር ላይ፣ በክፍሉ ፊት፣ ጥብቅ አድርጎ ይዝጋው፤ መተማ ሲደርስ ጎኑ ገባ ገባ ብሎ ያገኘዋልና በደብተሩ ላይ ይሣለው። ሁለተኛውን እዚያ መተማ ላይ ዘግቶ ይምጣ። ክፍል ውስጥ የሚከፈተው ይህ ነው፤ ሲከፈት ትንፋሽ እንደሚያወጣ ሰው «እስ» የሚል ድምፅ ስላለው ልጆቹ ፀጥ እንዲሉ አስቀድመው ይንገሯቸው፣ ልጁንም በመንገድ ላይ ክዳኑን እንዳይነካካው አደራ ይበሉት።